እግር የሌለው እርምጃ

ንፋስ መውጫ ላይ ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ጥድ አፋፍ የወጣው ሕዝብ ሺህ ነበር ይባላል። ሺህ አልነበረም፤ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። አባ ወልደ ገብርኤል ተሰቅለው ነበር የሚሉም አሉ። አልተሰቀሉም፤ ወገባቸውን ታሰሩ እንጂ። ይሁኔ ደግሞ ለይቶለት ነበር ይላሉ። ይህም ሐሰት ነው። ይሁኔ የማዘጋጃ ቤት ገመድ ጎታች ነበር፣ በቃ።

ገመድ ጎታች ማለት ቦታ በሚለካበት ጊዜ ቀያሹ ወረቀቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲቆም፣ የሃያ አምስት ሜትር ገመድ በትከሻው አድርጎ በቁልቋል አጥርና በሰው ውሻ መካከል የሚሮጠው ነው። ይሁኔ አሥራ አራት ዓመት ሮጧል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ ከወገቡ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። ከቤቱ እስከ ቢሮው ዘጠኝ መቶ አርባ እርምጃ መሆኑን ያውቃል። መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሰው ካገኘው ቁጥሩ እንዳይጠፋበት በአፉ ሳይሆን በባርኔጣው ነበር የሚመልሰው። ስለዚህም ግማሹ ከተማ ጨዋ ነው ይለዋል፣ ግማሹ ኩሩ።

በ1968 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አባቱ ታመሙና አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ሐኪም ቤቱ ጠያቂ የሚያስገባው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይሁኔ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ቡና ቤት እንዳይቀመጥ ኪሱ አይፈቅድም፣ ዘመድ ቤት እንዳይሄድ ዘመድ የለውም። ከሐኪም ቤቱ ማዶ አንድ መናፈሻ ነበር። በሩ ላይ «መግቢያ በነጻ» ተጽፏል። ገባ።

ውስጥ ያገኘውን ነገር ለወለላ፣ ለባለቤቱ፣ ሲያወራ እርሷ ሦስት ጊዜ «ማርያምን በል» ብላዋለች። ከደን ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ባለባርኔጣ ሽማግሌ በየጠዋቱ ያገኙትን ሁሉ ይሰበስባሉ፦ ተማሪውን፣ የቤት እመቤቷን፣ የበሽተኛ አስታማሚውን። ምንም አያስከፍሉም። የወደቀ ግንድ ላይ እጅን እንደ ክንፍ ዘርግቶ መሄድ ያስተምራሉ። ከዛፍ በወረደ ገመድ ቦይ ያሻግራሉ። «ዝም በሉ!» ይሉና የወፍ ድምፅ ያሰማሉ፣ «ይህች ማን ናት?» ብለውም ይጠይቃሉ። የባሰው ደግሞ ሰዉን በሻሽ ዓይኑን ይሸፍኑና ዛፍ ያስዳስሱታል።

ይሁኔ በመጀመሪያው ቀን ሳቁን ለመደበቅ አፉን በጋቢው ያዘ። በአገሩ በጋይንት ዛፍ አቅፎ የሚቆም ሰው ከጠላ ቤት የወጣ ነው። በአራተኛው ቀን እርሱንም ሸፈኑት። እየመሩ ወሰዱትና «የያዝከው ምን እንደሆነ ንገረን» አሉት። ቅርፊቱን በጣቱ ፈተገው፣ አፍንጫውን አስጠጋ። ጥድ ነበር። «ጥድ» አለ፤ ግን አልለቀቀውም።

«ልቀቀው እንጂ ወንድሜ፣ ሌላም ተረኛ አለ» አሉት ሽማግሌው ቀስ ብለው።

አባቱ ሐሙስ ሚያዝያ 7 ቀን አረፉ።

ይሁኔ ከቀብር ሲመለስ ልቡ አንድ ነገር ላይ ቆሞ ነበር። ከንፋስ መውጫ ዳር፣ መሬቱ ወደ ቆላው ተቆርጦ በሚወርድበት ላይ፣ ጥድ አፋፍ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ አፋፍ ላይ አርባ ሦስት ጥዶች ይገኛሉ። ከተማዋን ስሟን ያሰጣት ነፋስ በመጀመሪያ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው። ይሁኔ እሑድ እሑድ ወደዚያ እየወጣ ሽማግሌው ያሳዩትን ሁሉ ብቻውን ያደርግ ጀመር። ግንድ ላይ ይሄዳል፣ ድንጋዩን በገመድ ይወርዳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥዶቹን በዳሰሳ ይለያል። ሰው ከሩቅ እያየ «አባቱን ከቀበረ ወዲህ ጥድ ያገባል» ይል ነበር። ይሁኔ ግን የሚፈልገው ብቻውን መሆን አልነበረም፤ ያ ሽማግሌ ያደረጉለትን በተራው ለሌላ ሰው ማድረግ ነበር።

ሦስተኛው ዓመት ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ስማቸው ለስብሰባ አዳራሽ ማዋቀሪያ የሚሆን ግንድ ፈለጉ። ጣታቸውን ወደ ጥድ አፋፍ ዘረጉ።

ይሁኔ ገመዱን ጥሎ መዝገብ ቤት ገባ። ሁለት ቀን አቧራ በላ፤ በሦስተኛው ቀን ከጎንደር የመጣ፣ ማንም ያላነበበው አንድ ሰርኩላር ይዞ ወጣ። «ከተሞች ለሰፊው ሕዝብ ነጻ መዝናኛ የሚሆን የዛፍ ቦታ ይከልሉ፤ አፈጻጸሙን የሚያይ ተቆጣጣሪ ኅዳር 17 ቀን 1971 ዓ.ም. ይላካል» ይላል።

ጓድ ስማቸው ሰርኩላሩን ሁለት ጊዜ አነበቡና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ጥሩ። ተቆጣጣሪው በሚመጣበት እሑድ ሃምሳ ሰው ጥድ አፋፍ ላይ ከተገኘ መናፈሻ ነው። ካልተገኘ ሰኞ ጠዋት መጥረቢያ ነው። እኔ ሰው አላዝም። በፈቃዱ ይምጣ።»

«ማስታወቂያ ልለጥፍ?»

«ረቂቁን አምጣና እኔ አርመዋለሁ።»

ሁለቱም ረቂቆች እስከ ዛሬ በፋይሉ ውስጥ አሉ። በመጀመሪያው ላይ ይሁኔ «በጥድ አፋፍ ነጻ የእግር ሽርሽር ስለሚደረግ» ብሎ ጽፏል። ሊቀመንበሩ ቀዩን እርሳስ አነሡ።

«ሽርሽር? ሽርሽር የመሳፍንት ነው፤ ጃንጥላ አስይዞ፣ አሽከር አስከትሎ! ሰፊው ሕዝብ ይንሸራሸራል እንዴ?»

«ታዲያ ምን ያደርጋል ጓድ ሊቀመንበር?»

«ይራመዳል! ወደፊት ይራመዳል!»

ይሁኔ ሄዶ «ነጻ የእግር እርምጃ» ብሎ አመጣ።

«‘የእግር’?» አሉ ጓድ ስማቸው። «እስቲ ንገረኝ፣ ሰው በምኑ ይራመዳል? በጆሮው? ቃል አታባክን፤ ቁጠባ የአብዮት እናት ናት።» አሉና በቀዩ እርሳስ ሰረዙት።

ከዚያ የቀረውን ሳያነቡ ፈርመው ማኅተሙን መቱበት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይህኛው ግን የወጣው ከእርሳስ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ይሁኔ ማስታወቂያውን በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ገልብጦ አደባባዩን በሚያየው በነጋዴዋ በእትዬ ነፊሳ ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቃሉ እንዲህ ይላል፦

«ለከተማው ነዋሪ በሙሉ። እሑድ ኅዳር 17 ቀን 1971 ዓ.ም. ከጠዋቱ በ4 ሰዓት በጥድ አፋፍ ነጻ እርምጃ ስለሚደረግ ማንም እንዳይቀር። ገመድ ተዘጋጅቷል። ስንቅ መያዝ አያስፈልግም። ለአረጋውያንና ለሕፃናት ቅድሚያ ይሰጣል። የሁሉም ስም በማዘጋጃ ቤቱ ስላለ መመዝገብ አያሻም።»

በዚያ ዘመን ራዲዮ «ነጻ እርምጃ ተወሰደ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለከተማው ሰው መንገር አያስፈልግም ነበር። ያለ ዳኛ፣ ያለ ቃል፣ ያለ መዝገብ ሰው ተገደለ ማለት ነው። ይሁኔም ያውቃል። ግን የራሱን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው የሚያነበው። ሊቀመንበሩ የሰረዙት «የእግር» በይሁኔ ዓይን ውስጥ እስከ እሑድ ድረስ ሳይሰረዝ ቆይቷል።

ሐሙስ ዕለት ወደ ቢሮው ሲሄድ ሰዉ ሁሉ ከተቀመጠበት እየተነሣ ሰላም አለው። ይሁኔ ባርኔጣውን ሲያነሣና ሲጥል ቁጥሩ ጠፍቶበት ሦስት ጊዜ ከቤቱ በር ጀመረ። «ማስታወቂያው ሠርቷል» አለ በልቡ።

በእትዬ ነፊሳ ሱቅ በር ሲያልፍ ሴትዮዋ ሚዛናቸውን ትተው ወጡ። በምላሳቸው ገበያውን የሚያንቀጠቅጡ ሴት ነበሩ፤ ዛሬ ግን ድምፃቸው እንደ ጥጥ ለስልሷል።

«ይሁኔ ልጄ፣ አምና አጥሬን ስትለካ ‘አንተ የሸንበቆ ዘር’ ብዬ የሰደብኩህ…»

«ረሳሁት እኮ እትዬ ነፊሳ።»

«እንዳትረሳው! ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እሑድ ይመጣሉ አይደል?»

እትዬ ነፊሳ የግድግዳውን ወረቀት አዩ፣ እርሱን አዩ። «የእኛ የእስላሞቹም ተራ እንደ ሌላው ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው! ሁሉም እኩል ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ነፊሳ እየመረራቸው፤ «እኩልነቱስ እውነት መጣ።»

ዓርብ አባ ወልደ ገብርኤል ቢሮው ድረስ መጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መቋሚያቸው ከእርሳቸው ይበልጣል። ወንበር ሲሰጣቸው እንቢ አሉና ቆመው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ጊዜው አይራዘምም ወይ? ንስሐ የሚገባው በዛብኝ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቁጭ አላልኩም።»

«አባ፣ አራት ሰዓት ያልኩት እኮ ቅዳሴውን አስቤ ነው።»

«ቅዳሴውን አስበህ!» አባ ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኑን አዩት። «እግዚአብሔር ይይልህ።»

ይሁኔ ይህን እንደ ምርቃት ወስዶ እጅ ነሣ።

እውነቱን ለመናገር ከተማዋ እንደዚያ ሳምንት ጨዋ ሆና አታውቅም። የጠፋ ድጅኖ በባለቤቱ ደጃፍ ተገኘ። አንዱ ከጎረቤቱ ድንበር በአንድ ክንድ የገፋውን አጥር በጠራራ ፀሐይ ነቅሎ መለሰ፤ ይሁኔ ያንን አጥር ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለት ጊዜ ተሰድቦበት ነበር። እትዬ ነፊሳ በአንዲት ዶሮ ምክንያት ሰባት ዓመት ያኮረፏትን ጎረቤታቸውን ሐረገ ወይንን አቅፈው አለቀሱ። አሥራ አንድ ሰዎች ወደ እስቴ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሸሹ፤ ከእነርሱም ሰባቱ «ስማችን ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ቤታችን ድረስ ከሚመጡብን» ብለው ከመንገድ ተመለሱ። ጓድ ስማቸው በበኩላቸው ሕዝቡ ሲያያቸው እንዲህ ዝቅ ማለቱን ከንቃት ቆጥረው ጢማቸውን አስተካከሉ።

ወለላ ማንበብ አትችልም። ወሬውን የሰማችው ቅዳሜ ከገበያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ ባሏ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ የጭነት ገመድ እየቋጠረ፣ ቋጠሮውን በጉልበቱ እየጎተተ ይፈትናል። ያፏጫል ደግሞ። ቅርጫቷን አስቀምጣ ከሩቅ ቆመች።

«አንተ ሰው። ስንት ሰው ነው?»

«ሃምሳ ይበቃኛል።»

«ሃምሳ!»

«ከዚያ በላይ ከመጣማ ደስታዬ ነው።»

ወለላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ሕፃናትም?»

«ሕፃናትማ ገመዱን ይወዱታል። እንደውም አንዴ ከያዙት አይለቁም።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እነርሱን ቀስ አድርጌ ነው። እኔው ራሴ እይዛቸዋለሁ።»

«እኔስ?» አለች ድምፅዋ ተቆርጦ።

«አንቺማ ከፊት ነሽ። ለአርአያ።»

ወለላ ቅርጫቷን እንደተቀመጠ ትታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ውስጥ ለይሁኔ ምሳ ሳትሰጠው የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው። እርሱም ሥራ ስለበዛበት አላስተዋለም።

እሑድ በሦስት ሰዓት ይሁኔ ጥድ አፋፍ ላይ ነበር። ገመዱን ከትልቁ ጥድ ቅርንጫፍ አንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ሰፊ ቀለበት ቋጥሯል፤ ሰው በወገቡ ታስሮ የሁለት ሰው ቁመት የሚሆነውን ድንጋይ እንዲወርድበት ነው። ዓይን መሸፈኛ የሚሆኑ ስድስት ሻሾች በግንዱ ላይ ደርድሯል። ለመግቢያ ሁለት ድንጋይ አቁሟል። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ማንም የለም። ሦስት ተኩል፣ አንድ ጆፌ አሞራ ብቻ ከገደሉ በላይ ይዞራል።  ጥዶቹን ከዳር ጀምሮ ቆጠረ፤ አርባ ሦስት። እንደገና ቆጠረ። የሚሰናበት ሰው ነው እንዲህ የሚቆጥር።

ሩብ ጉዳይ ለአራት ላይ መንገዱ ነጣ።

ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። በሰልፍ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይመጣል። ከፊት አባ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ከኋላቸው እትዬ ነፊሳና ሐረገ ወይን ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል፣ አንዷ በመቁጠሪያ፣ አንዷ በመስቀል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሲያልፉ ይሁኔ ይቆጥራል፦ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አራት መቶ።  ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ ወለላ ነበረች። ሳታየው አለፈች።

በዚሁ ሰዓት አንድ ላንድሮቨር ቆመ። ከጎንደር የመጡት ተቆጣጣሪ ጓድ አስናቀና ጓድ ስማቸው ወረዱ። ተቆጣጣሪው ሕዝቡን አዩ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ማንም፣ ጓድ! ይህ ነጻ መዝናኛው ነው።»

«ይሄ? ሲዝናኑ ነው?»

ይሁኔ ግን ማንንም አላየም። ግንዱ ላይ ወጣና እጆቹን እንደዚያ ሽማግሌ ዘረጋ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ይህን ያህል ትመጣላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ጊዜ እንዳናባክን ቶሎ እንጀምር። ማን ይቅደም?»

የሕዝቡ ለቅሶ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። ይሁኔ ደነገጠ። «አይዟችሁ! መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይፈራል! ከዚያ ግን ምንም አይደለም። እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ!»

ለቅሶው ቆመ። ስድስት መቶ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሞከረና አልቻለም።

አባ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ለዲያቆኑ ሰጡና ወደፊት ወጡ። «እኔ ልቅደም። እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። ልጄ፣ እኔን አድርግና ሌላው ይቅር ማለት አይቻልም ወይ?»

«አባ፣ እንዴት ሌላው ይቀራል? ለሁሉም ይደርሳል!» አለና ይሁኔ ገመዱን አመጣ። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አቤቱ ነፍሴን ተቀበላት» እያሉ አንገታቸውን አስረዘሙለት። ይሁኔ በጥንቃቄ ቀለበቱን አወረደው። ከትከሻቸው አሳለፈው። ከብብታቸው በታች አሳለፈው። ወገባቸው ላይ አደረሰና በሚገባ አጠበቀው።

አባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ወገቤን ነው?»

«ታዲያ የት ሊሆን ነው አባ?»

«እኔማ አንገቴን መስሎኝ።»

«አንገትዎን! አባ፣ አንገትዎን አስሬዎት ይህን ድንጋይ እንዴት ይወርዳሉ? ታንቀው ሊሞቱ እኮ ነው!»

 ነፋሱ ብቻ በጥዶቹ ውስጥ አለፈ።

«ይሁኔ» አሉ አባ ቀስ ብለው፤ «ልትገድለን አይደለም ወይ ያመጣኸን?»

እትዬ ነፊሳ ከሕዝቡ መካከል ወደፊት ወጡ። ከመቀነታቸው ያን ማስታወቂያ መዝዘው አወጡ፤ ከግድግዳቸው ቀደውት መጥተዋል። «እንካ! አንብበው! በራስህ አፍ አንብበው!»

ይሁኔ አነበበው። በመጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ነጻ…» ላይ ሲደርስ ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ገመድ ተዘጋጅቷል። ስንቅ አያስፈልግም። ለሕፃናት ቅድሚያ…» ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«‘የእግር’ ነበር» አለ። «ነጻ የእግር እርምጃ። በእግር ልንሄድ ነበር። ዛፍ ልንዳስስ። ወፍ ልንሰማ።» ወደ ወለላ ዞረ። «ወለላ ሙች፣ የእግር ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። በወገባቸው እንደ ታሰሩ ገመዱን ይዘው ሳቁ፤ ሲስቁ እግራቸው ከድንጋዩ ጠርዝ ሸርተት አለና አየር ላይ ቀሩ። ይሁኔ ዘልሎ ገመዱን ያዘ፣ ቀስ እያደረገም አወረዳቸው። ከታች «በስመ አብ! ደስ ይላል እኮ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ሳቀ ማን አልሳቀ ብሎ መጻፍ አይቻልም። እትዬ ነፊሳ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ይመታሉ። «አንተ የሸንበቆ ዘር! ይቅርታዬን መልስልኝ! ንፋስ መውጫን ነፍስ መውጫ ልታደርጋት? ሰባት ዓመት ካኮረፍኳት ሴት ጋር አስታረቅከኝ!»

«ዶሮዋን ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም» አለች ሐረገ ወይን።

«ዶሮዋ እኔን ነው የመረጠችው!»

ወለላ ወደ ባሏ መጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጭንቅላቱን መታችው። «‘ሕፃናትማ አንዴ ከያዙት አይለቁም’ አልከኝ እኮ!» አለችና አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች።

ያልሳቁት ጓድ አስናቀ ብቻ ነበሩ። ማስታወቂያውን ከይሁኔ እጅ ወሰዱና ሁለቴ አነበቡት። «የአብዮቱን ቃል መቀለጃ ያደረገው ማነው?»

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ።

«እሱ ነው የጻፈው!» አሉ ጓድ ስማቸው፤ ጣታቸው ቀድሟቸው ነበር። «በእጁ ጽሑፍ ነው፤ ይመልከቱ!»

ይሁኔ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ረቂቁ እዚያ ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ወረቀት ሁሉ መመለስ አለበት ብሎ ስለሚያምን ይዞት ይዞራል። «የእግር» የሚለው ቃል ላይ የተሰመረው ቀይ መስመር፣ ከጎኑም የሊቀመንበሩ ፊርማ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል። ቢያወጣው ራሱን ያድናል። ግን ሊቀመንበሩ ቢወድቁ ስለ ጥዶቹ የሚፈርም አይኖርም፤ ሰኞ ደግሞ ነገ ነው። ጥዶቹን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ጓድ ስማቸው ጠጋ አለ፣ ወረቀቱን ከኪሱ ቀዩ መስመር ብቻ እስኪታይ ድረስ ሳብ አደረገው።

ጓድ ስማቸው አዩ። የራሳቸውን እርሳስ አወቁት።

«ጥዶቹ ስንት ናቸው?» አሉ በሹክሹክታ።

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሦስቱም?»

«አንዱ እንኳ አይጎድልም።»

ጓድ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ግንዱ ላይ ወጡ። ንግግሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ተመዝግቧል፤ አጭር ነው። «ጓድ ተቆጣጣሪ! እርምጃ ማለት መራመድ ነው። ሰፊው ሕዝብ ወደፊት መራመዱን ዛሬ በእግሩ አረጋግጧል። ይህ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ መናፈሻ ነው። ዛፍ የነካ እኔን ነካ!»

እልልታው ጆፌ አሞራውን አባረረው። ጓድ አስናቀ ሕዝቡን ዞር ብለው አዩ፣ ማስታወሻቸውን ከፈቱ። «ስንት ሰው ነው?»

«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ይሁኔ።

«በዚህ ክፍለ ሀገር በእሑድ ቀን ይህን ያህል ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ሲወጣ አላየሁም» አሉና ጻፉት። «በገዛ ፈቃዱ» የሚለው ቃል ከሪፖርቱ ላይ እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ… ገመዱ፣ ለእንግዳም ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። አባ ወልደ ገብርኤል ግን ተራቸውን አልለቅም አሉ። «እኔ አሁን ጀመርኩት» አሉ ከታች።

ይሁኔ በየእሑዱ ለስምንት ዓመት ሰው ወሰደ። አንዳንዴ አርባ፣ አንዳንዴ ሦስት፤ ሁሉንም ጽፏል። የተጣሉ ጎረቤቶችን ለማስታረቅ የሚሄድ ሽማግሌ «እሑድ እርምጃ አለ፤ ከዚያ በፊት ታረቁ» ማለት ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ረቂቁን ይሁኔ አልቀደደውም። ሰኞ ጠዋት ወደ ፋይሉ መለሰው። በቀዩ መስመር ሥርም በእርሳስ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ «የእግር» ብሎ ቃሉን ወደ ቦታው አስገብቷል።

በ1979 ዓ.ም. የካቲት ላይ ታሞ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ወለላ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ጥድ አፋፍ ትወጣና እንደ እርሱ ትቆጥራለች። ሁልጊዜ አርባ ሁለት ነው የሚመጣላት። «አንድ ቆርጠውብኛል» ብላ ማዘጋጃ ቤት ድረስ አመለከተች። ገመድ ጎታች ተላከ፤ ቢቆጠር አርባ ሦስት ነው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደገና አርባ ሁለት ብላ መጣች። አብሯት የወጣው ገመድ ጎታች በመጨረሻ ነገሩን ደረሰበት፦ ወለላ የምትቆጥረው አንዱን ተደግፋ ነው፤ ያንን አትቆጥረውም።